በሦስት በር ጦስ ጓደኛዬ ስልኬን አያነሳም

«ጤና ይስጥልኝ ታላቅ እህቴ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሎጂክ ጥያቄ ነፍሴ ነው። ከአንድ ወር በፊት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ቡና እየተጠጣ ጨዋታው ሲደራ እኔም ይቺን ጥያቄ ጣል አደረግኩ፦ ሦስት የተዘጉ በሮች አሉ። ከአንዱ ጀርባ መኪና አለ፣ ከሁለቱ ጀርባ ፍየል። አንዱን በር መረጥክ። አጫዋቹ ከቀሩት ሁለት በሮች አንዱን ከፈተው፣ ፍየል ወጣ። አሁን ምርጫህን ትቀይራለህ ወይስ በያዝከው ትጸናለህ? ጓደኛዬ የሂሳብ መምህር ነው። “ሁለት በር ቀረ፣ እኩል እኩል ነው፣ መቀየር ለውጥ የለውም” አለ። እኔ መቀየር እጥፍ ያዋጣል አልኩ። ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ እሱ ችክ አለ። በመጨረሻ ተናደድኩና በአማቱ ፊት “አንተ የምታስተምራቸው ልጆች ያሳዝኑኛል” አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን አያነሳም። መልሱን የሚያስረዱ ሦስት ቪዲዮዎች ላኩለት፣ አያቸው፣ ግን ዝም አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ጓደኝነት ነው። እኔ ልክ እንደሆንኩ አውቃለሁ። እንዴት ላሳምነው?
ባለ ሦስት በር ነኝ»

ወንድሜ ባለ ሦስት በር፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። አንዴ ታሪኩን ለማወቅ፣ አንዴ ለጓደኛህ አዝኜ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ጥያቄውን ብቻ። ሦስተኛው ላይ ነው የደነገጥኩት። ጥያቄውን ለእኔ በጻፍክልኝ መልክ ለእሱም አቅርበህለት ከሆነ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። «እኩል እኩል ነው» ማለቱ አንተ ለጠየቅከው ጥያቄ የሚያስኬድ መልስ ነው።

እስከ መጨረሻው ታገሰኝ። ያንተም መልስ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ዓለም የሚያውቀው መልስ ነው። ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ካንተ ጥያቄ በሁለት በሦስት ቃል የምትበልጥ ጥያቄ አለች፣ እነዚያን ቃላት ክርስትና ቤት ስትሄድ ይዘሃቸው አልሄድክም።

ጥያቄው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ከጀመረ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። አጫዋቹ ሞንቲ ሆል ይባል ነበር፣ ጥያቄውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1975 ስቲቭ ሴልቪን የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በሙያው መጽሔት ላይ ለአዘጋጁ በጻፈው ደብዳቤ አነሳው። ያኔ ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም። እሳቱ የተነሳው በ1990 ነው። ፓሬድ በሚባል መጽሔት ላይ የአንባቢ ጥያቄ የምትመልስ ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የምትባል ዓምደኛ ነበረች፣ አይኪው በሚባለው የማሰብ ችሎታ መለኪያ ባገኘችው ውጤት ጊነስ መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረ። አንድ አንባቢ ይህንኑ ጥያቄ ላከላት። እሷም «ቀይር» ብላ መለሰች፣ መቀየር ከሦስት ሁለት ዕድል ይሰጥሃል፣ መጽናት ከሦስት አንድ ብቻ።

ከዚያ ወደ 10,000 ደብዳቤ ጎረፈላት። አብዛኛው ተሳስተሻል የሚል ነው። ወደ 1,000 የሚጠጋው ከባለ ዶክትሬቶች የመጣ ነበር። የሂሳብ ሊቃውንት ስማቸውንና ዩኒቨርሲቲያቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ነው የዘለፏት። እሷ ግን ልክ ነበረች። በጽሑፍ መመላለሱ አልበቃ ሲል፣ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሂሳብ ክፍሎች ጨዋታውን በእጃቸው እንዲሞክሩት ጠየቀች። ልጆቹ ሞከሩት፣ ቆጠሩት፣ ውጤቱን ላኩላት። ብዙ ሰው ያመነው ያኔ ነው።

አሁን ልብ በልልኝ። መጽሔቱ ላይ የወጣው ጥያቄ አጫዋቹን ሲያነሳ ከበሮቹ ጀርባ ያለውን እንደሚያውቅ በግልጽ ይናገራል። ያንተ አጫዋች ያውቃል? ደብዳቤህ ላይ የለም። «አንዱን ከፈተው፣ ፍየል ወጣ» ነው ያልከው። አውቆ ይክፈተው በግምት ይክፈተው አልነገርከንም። አንተ ቪዲዮውን ስላየህ በሆድህ ይዘኸዋል። ጓደኛህ ሆድህ ውስጥ ገብቶ ሊያነበው አይችልም።

ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል ካልክ፣ ሦስት ሲኒ ደፍተህ ከአንዱ ሥር አንድ ፍሬ ቡና አድርግ። መጀመሪያ አንተ ፍሬዋ የት እንዳለች የምታውቅ አጫዋች ሁን፣ ሁልጊዜ አንድ ሲኒ ታነሳለህ፣ ያውም ባዶውን ብቻ። ጓደኛህ ይምረጥ። ሠላሳ ጊዜ ተጫወቱ። መጀመሪያ በጠቆመው ሲኒ ሥር ፍሬዋን የሚያገኘው ወደ አሥር ጊዜ ያህል ነው፣ ከሦስት አንዱ። በቀሩት ሃያ ጨዋታዎች መጀመሪያ ላይ ስቷል። ያኔ አንተ ምርጫ የለህም። ፍሬ ያለበትን ማንሳት ክልክል ስለሆነ ያለችህን አንዷን ባዶ ሲኒ ታነሳለህ፣ ሳትነካው የተውከው ሲኒ ሥር ፍሬዋ ቁጭ ብላለች። ሳታስበው ጠቆምከው ማለት ነው። ሁልጊዜ የሚቀይር ሰው ሃያውን ይበላል፣ የሚጸና አሥሩን። እዚህ ላይ አንተ ልክ ነህ።

አሁን ደግሞ ሲኒዎቹን ሌላ ሰው ያዘጋጅ፣ አንተም ፍሬዋ የት እንዳለች አትወቅ። ጓደኛህ ይመርጣል፣ አንተ ከቀሩት ሁለት አንዱን በግምት ታነሳለህ። ከሠላሳው ወደ አሥሩ ላይ ፍሬዋን ራስህ ብድግ ታደርጋታለህ፣ ያ ጨዋታ ተበላሸ፣ ተወው። ሃያ ቀሩ። ከሃያው አሥሩ ላይ ፍሬዋ እሱ መጀመሪያ በያዘው ሥር ናት፣ አሥሩ ላይ ደግሞ በቀረው። እኩል በእኩል። የጓደኛህ መልስ ይኸው።

ጥያቄውን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን የሚያየው በሁለቱም ጨዋታ አንድ ነው፣ ሲኒ ተነሳ፣ ባዶ ነው። ልዩነቱ ሲኒውን ያነሳው ሰው የሚያውቀውና የማያውቀው ላይ ነው። ስለዚህ «ያው ፍየል ወጣ አይደል እንዴ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንዴት ወጣ የሚለው የጥያቄው እምብርት ነው።

ሦስተኛ መልስም አለ፣ እሱን የሰጠው ራሱ ሞንቲ ሆል ነው። በ1991 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጨዋታውን አብረው ተጫወቱት። ሰውየው ጋዜጠኛው ፍየል ያለበትን በር ሲመርጥ ዝም ብሎ ከፍቶ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። መኪናውን ሲመርጥ ብቻ ሌላ በር ከፍቶ «ትቀይራለህ?» ይለዋል። እንዲህ ከሆነ የቀየረ ሁሉ ይከስራል። አጫዋቹ ሁልጊዜ ከፍቶ ምርጫ እንዲሰጥህ የሚያስገድደው ደንብ ካለ ቀይር፣ እንዳሻው መሆን የሚችል ከሆነ ተጠንቀቅ። በሥራው ዘመን ስንቱን በር የከፈተ ሰው ነው ይሄን ያለው። የክርክሩ ቁልፍ ደንቡ ጋ ነው፣ ደንቡን ደግሞ አንተ አልተናገርከውም።

እሺ፣ ምናልባት እዚያ ቤት በደንብ ተናግረኸው፣ ለእኔ ስትጽፍ ብቻ ዘለልከው እንበል። አጫዋቹ እንደሚያውቅ ነግረኸው እያለ ጓደኛህ እኩል ነው ብሎ ደረቀ። ያን ጊዜ በርግጥ ተሳስቷል። ግን ከማን ጋር እንደተሳሳተ ልንገርህ። ፖል ኤርዶሽ የሃንጋሪ ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ ነው፣ በዕድሜው ወደ 1,500 የሚሆን የጥናት ጽሑፍ ያወጣ፣ ከዘመኑ ታላላቆች አንዱ። ይህን ጥያቄ ወዳጁ ሲነግረው «ለውጥ የለውም» አለ። ወዳጁ ሊያስረዳው ቢሞክር ጭራሽ ተናደደ። የተረታው ኮምፒውተር ጨዋታውን ደጋግሞ ተጫውቶ ውጤቱን ሲያሳየው ነው። ያኔም «ለምን» የሚለው ስላልገባው አልረካም። ኤርዶሽ የሳተውን አንድ መምህር በልጁ ክርስትና ቀን፣ እንግዳ እያስተናገደ፣ ሕፃን እያለቀሰ ቢስተው ተማሪዎቹ ለምን ያሳዝኑሃል?

ኤርዶሽ ጋ ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ውጤቱን አይቶም አልረካም። መረታትና መግባባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተ ቪዲዮ የላክለት ሊረታ ነው። እሱ ደግሞ እንደ መምህርነቱ ሊገባው ነው የሚፈልገው። ከስድብ በኋላ የሚላክ ቪዲዮ ስድቡን ነው የሚደግመው። አንዱ ሲደንቅ ሦስት!

እንዳልከው በአማቱ ፊት ነው የተናገርከው። ይሄን ደጋግሜ አሰብኩት። አንድ ሰው አማቱ ፊት ሲቀመጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። ሙያው የእንጀራው ብቻ አይደለም፣ እዚያ ቤት የከበረበት ስሙ ነው። አንተ ደግሞ በሩንም መኪናውንም ትተህ ያንን ስሙን ነካኸው። ብትበልጠው ኖሮ ይረሳው ነበር። ኩም ስላደረግከው ነው ያልረሳው።

አያቴ ቤት ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ «ምን አውቅልሽ» እንላለን። ያላወቀ አገር ይሰጣል። «ጎንደርን ሰጠሁሽ» ስንላት «ጎንደር ገብቼ» ብላ ትጀምርና እየኮራች፣ አገሩን እየገዛች፣ የምትፈልገውን አውርዳ በመጨረሻ መልሱን ትነግረናለች። አገር የሰጠውም ልጅ ያው ጎኗ ተጠግቶ ቁጭ እንዳለ ነው። አለማወቅ ሥርዓት ነበረው፣ ከዚያ ቤት ያኮረፈ ልጅ አላስታውስም። ደግሞ እንቆቅልሽ ውስጥ መልሱ ያለው ጠያቂዋ እጅ ነው። እሷ ያለችው ነው፣ ይግባኝ የለም።

አንተ የያዝከው ጥያቄ ግን የዚያ ዘር አይደለም። የሎጂክ ጥያቄ መልሱ ጠያቂው ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ከተሰጠው ቃል ተነስቶ ማንም ሊደርስበት ይገባል። ካልተደረሰበት ወይ አሳቡ ስቷል ወይ የተሰጠው ቃል ጎድሏል። ስለዚህ ከእንቆቅልሽ ይልቅ የሚቀርበው ለድሮው ሙግት ነው፣ ለተጠየቅና ለበላ ልበልሃ። እዚያ ጠያቂም ይጠየቃል። ጓደኛህ «አጫዋቹ ያውቃል ወይ?» ብሎ ቢያፋጥጥህ ኖሮ «ልጠየቅ» ብለህ መመለስ ነበረብህ። አንተ ግን መልሱን እንደ አያቴ ይዘህ፣ እሱን እንደ ባለጋራ አቆምከው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ነገር የሚበላሸው።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። በቀደም ጅብ፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰውዬ ነገርኩት። ጀልባዋ ከሰውየው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች። ጅቡና ፍየሏ ብቻቸውን ከቀሩ ፍየሏ አለቀላት፣ ፍየሏና ጎመኑ ከቀሩ ጎመኑ አለቀለት። ልጁ አሰበ፣ አሰበና «ጅቡን ግን ለምንድነው ይዞት የሚሄደው?» አለኝ። ልቆጣው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሳስበው ልክ ነው! ሦስቱንም ማሻገር ግዴታው እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር። ስነግረው «እሺ» አለና ከፍሬ ቡና፣ ከክዳንና ከክር ጋር ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ፍየሏን ወስዶ መልሶ ማምጣት እንደሚቻል ብቻውን ደረሰበት። ያን ቀን የጮኸው ጩኸት! «የማይረባ ጥያቄ አትጠይቅ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር። ወንዝ ማሻገሩንም ጭራሽ ትቶት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ጋር ስትከራከር እንዲህ አድርግ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ነው የማደርገው። መልስ ከመሰማቱ በፊት ሌላኛው ሰው ጥያቄውን በራሱ አፍ መልሶ ይንገርህ። አንተ ካልከው ጋር ካልገጠመ እዚያው አቁሙና አቃኑት። አብዛኛው ጠብ እዚያ ላይ ያልቃል፣ እውነቴን ነው። ጥያቄው አንድ ሆኖም መልሱ ከተለያየ ቦታ ተቀያየሩ፣ አንተ የእሱን መልስ ተከላከል፣ እሱ ያንተን። የሌላውን መልስ በቅንነት ለመከላከል ስትሞክር የት ጋ እንደሚላላ ራስህ ታየዋለህ፣ አንዳንዴም የላላው የራስህ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያም ካልሠራ ሲኒ፣ ሳንቲም፣ ወረቀት፣ ያገኛችሁትን አምጥታችሁ ሞክሩት። የቁጥሩ ማነስ አእምሮ ካስቸገረ ደግሞ ሦስቱን በር መቶ አድርጉት። አንድ መርጠህ፣ የሚያውቀው አጫዋች ዘጠና ስምንቱን እየከፈተ ዘጠና ስምንት ፍየል ሲያሳይህ፣ አንዷን በር ብቻ ለምን እንዳለፋት ሳይነግሩህ ይገባሃል።

ወደ ጓደኛህ እንመለስ። የጠየቅከኝ «እንዴት ላሳምነው» ነው። ደብዳቤህ ውስጥ «እንዴት ልታረቀው» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ጓደኝነት ማለትህ ብቻ ነው ናፍቆትህን የነገረኝ። እኔ እሱን ይዤ ነው የምመክርህ። በመጀመሪያ ቪዲዮ መላክ ይቁም። ሁለተኛ፣ በጽሑፍ አትሂድበት፣ በአካል ሂድ። ስልክ ካላነሳ ቅዳሜ ከሰዓት በር አንኳኳ፣ ክርስትና የጠራህ ሰው ከደጅ አይመልስህም። ስትገባ በሩን በሚመለከት ነገር አትጀምር። «ያን ቀን ባማትህ ፊት የተናገርኩት ነውር ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» በለው። «ቢሆንም መልሱ ግን» የምትለዋን አፍህ ላይ ብትመጣ እንኳ ዋጣት።

አማቱን ደግሞ እንዳትረሳቸው። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው በጓዳ ይቅርታ አይካስም። እሳቸው ባሉበት አጋጣሚ ፈልግና «አባባ፣ ያን ቀን ጥያቄውን አጉድዬ የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ፣ እሱ ለተጠየቀው በትክክል ነው የመለሰው» በላቸው። ይሄ ለሽንገላ የሚባል አይደለም። በጻፍክልኝ መልክ ከጠየቅከው እውነት ነው፣ አሁን ምክንያቱንም ታስረዳለህ። አስረዳቸው፣ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። መምህሩ አማች ተነስቶ ሲያግዝህ ታየዋለህ።

ነገሩ ሲረግብ፣ ሲኒው ሲቀርብ፣ ያኔ አዲስ ጥያቄ ውሰድለት። ማርቲን ጋርድነር በ1959 ሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ ያወጣት ናት። አንድ ሰው ሁለት ልጆች አሉት፣ ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው። ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? ጋርድነር ከሦስት አንድ ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በዚያ መልክ ሲቀመጥ ክፍተት እንዳለበት ራሱ ለአንባቢዎቹ አምኖ ጻፈ። ከሁለት አንድ የሚያደርገው መንገድም አለ። ክፍተቱ የት ጋ እንዳለ አልነግርህም፣ ቪዲዮም እንዳትፈልግ። «አንዱ ወንድ ነው» የሚለውን ወሬ ከማን፣ እንዴት ሰማነው ብላችሁ ጀምሩ። ከእሱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሥሩትና የደረሳችሁበትን ሁለታችሁ ፈርማችሁ ላኩልኝ።

ሲኒው እነሱ ቤት አለ። ቡናውን አንተ ይዘህ ሂድ፣ ጥሬውን፣ ግማሽ ኪሎ ያህል።